አሥራ ስድስቱ ሳምንት ሲያጥር፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጥናት ሰዓት በወረቀትና በተግባር

በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ኮርስ በሚዘጋጀው መግለጫ ላይ፣ ከኮርሱ ስም፣ ኮድና ክሬዲት ቀጥሎ፣ ተማሪውም መምህሩም ብዙ ጊዜ ልብ ሳይለው የሚያልፈው አንድ ሠንጠረዥ አለ። ሠንጠረዡ ኮርሱን ለመማር ለሌክቸር፣ ለቱቶሪያል ወይም ለላብራቶሪ እንዲሁም ለግል ጥናት ምን ያህል ሰዓት እንደሚያስፈልግ ይዘረዝራል። ሦስት ክሬዲት ሰዓት ወይም አምስት ኢሲቲኤስ (በተማሪው የሥራ ሰዓት የሚሰላ የአውሮፓ መለኪያ) ለሚሰጠው የተለመደ ኮርስ ድምሩ 135 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ተማሪው መምህሩ ባለበት የሚያሳልፈው ከፊሉን ሲሆን፣ ቀሪው ብቻውን እንዲያነብበት፣ መልመጃ እንዲሠራበትና ያልገባውን መልሶ እንዲያይበት የተያዘ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ቀሪ ጊዜ ነው፤ የትምህርት ዘመኑ በተጣበበ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው፣ መጥፋቱንም የሚመዘግብ አካል የለም።

የጥናት ጫና የሚለካባቸው ሁለት ልማዶች በአገራችን ተደራርበው ይኖራሉ። የቆየው ክሬዲት ሰዓት ነው። ይህ መለኪያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ የተስፋፋ ሲሆን፣ በየሳምንቱ በክፍል ውስጥ ለሚውል ለእያንዳንዱ ሰዓት ተማሪው ከክፍል ውጭ ሁለት ሰዓት ያህል እንደሚሠራ ታሳቢ ያደርጋል። ሆኖም በተግባር የሚቆጠረው፣ በክፍል ድልድሉ ላይ የሚሰፍረውና የመምህሩን የሥራ ድርሻ ለማስላት የሚያገለግለው የክፍሉ ሰዓት ብቻ ነው። ሁለተኛው ከአውሮፓ የመጣው ኢሲቲኤስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በኢራስመስ የተማሪዎች ልውውጥ ሥር የተጀመረው ይህ አሠራር መነሻውን ከመምህሩ ወደ ተማሪው ያዞራል፤ አንድ የትምህርት ዓመት 60 ነጥብ፣ አንዱ ነጥብ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራ ነው ይላል። እኛ ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ተዛማጅ ኮርሶችን በሞጁል የሚያሰባስበውን ሞጁላር ሥርዓተ ትምህርት ስናስገባ ይህንኑ መለኪያ ተቀብለን ለአንድ ነጥብ 27 ሰዓት ሰጠነው። ለተማሪው የሚያስብ ሐሳብ ነበር። ይሁንና ቁጥሩ በመግለጫው ላይ ሲሰፍር፣ ከቁጥሩ ጋር መምጣት የነበረበት ልማድ፣ ማለትም ተማሪው በእርግጥ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ እየጠየቁና እየለኩ ኮርሱን ማስተካከል፣ አብሮት አልመጣም።

የወረቀቱን ስሌት እስከ መጨረሻው ብንከተለው ችግሩ በግልጽ ይወጣል። አንድ ሴሚስተር በተለምዶ 30 ነጥብ ይይዛል፤ ይህም 810 ሰዓት ነው። ሴሚስተሩ እንደ ደንቡ 16 ሳምንት ቢቆይ ተማሪው በሳምንት 50 ሰዓት ተኩል ያህል መሥራት አለበት ማለት ነው። ከባድ ነው፤ ግን በርትቶ ለሚማር ወጣት የማይቻል አይደለም፣ የእሑድ ዕረፍቱንም አይነካበትም። ይኸው ሴሚስተር ወደ 12 ሳምንት ሲታጠፍ ሥራው በሳምንት ወደ 67 ሰዓት ተኩል ይወጣል። ወደ 10 ሳምንት ሲወርድ ደግሞ 81 ሰዓት ይሆናል፣ ይህም ያለ አንድ ቀን ዕረፍት በየቀኑ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ መሥራት ነው። ምግብ ለመብላት የሚሰለፍ፣ ልብሱን በእጁ የሚያጥብ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ዶርም የሚያድር ተማሪ ይህን ያደርጋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም። ስለዚህም ሁሉም ወገን ሰዓቱ እንደማይሞላ እያወቀ፣ የተሞላ ያህል ውጤት ይመዘገባል፤ ክሬዲቱም ሙሉ ሆኖ ትራንስክሪፕት ላይ ይሰፍራል።

የትምህርት ዘመኑ የሚታጠፍባቸው ምክንያቶች አብዛኞቹ ከዩኒቨርሲቲዎቹ አቅም ውጭ የመጡ መሆናቸውን መካድ አይገባም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ግቢዎች ተዘግተው ተማሪዎች ከግማሽ ዓመት በላይ ቤታቸው ቆዩ፤ ከዚያም በተራ በተራ ተመለሱ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲከፈት በትግራይ የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ተቋረጠ፤ በቀጣዩ ዓመት ወሎና ወልዲያ ዩኒቨርሲቲዎች ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት በመጀመሩ ነባር ተማሪዎች ለፈተናው ግቢ መልቀቅ ግድ ሆነባቸው። የፈተና ስርቆትን ለመግታት የተወሰደ ተገቢ እርምጃ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዋጋው ግን በተማሪው ካላንደር ላይ ነው የተከፈለው። የመጀመሪያው ፈተና በጥቅምት ተሰጥቶ ውጤቱ በጥር ወር ስለተገለጸ፣ አዲስ ገቢዎች የዓመቱ እኩሌታ ካለፈ በኋላ ወደ ግቢ የገቡ ሲሆን፣ ያንን መዘግየት ለማካካስ የታጠፈው ደግሞ የእነሱው ሴሚስተር ነበር።

ጊዜ በጠፋ ቁጥር የምንወስደው መፍትሔ ግን ከእነዚህ አደጋዎች በፊትም አንድ ዓይነት ነበር፤ ይዘቱን ሳይነኩ ጊዜውን ማሳጠር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጀመሪያ ዲግሪ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ዓመት ሲወርድ፣ የፍሬሽማን ዓመት ትምህርት ወደ መሰናዶ ይወርዳል ተብሎ ነበር። መሰናዶው ያንን ሸክም በሚፈለገው መጠን ሊሸከም እንዳልቻለ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ሲሆን፣ በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመልሶ ዲግሪው እንደገና አራት ዓመት ሆነ። ይህ የአንድ ትውልድ ልምድ ትምህርት ሊሰጠን ይገባ ነበር፤ ዳሩ ግን የተመለሰውን የፍሬሽማን ዓመት ራሱን ብዙ ሳንቆይ በየሴሚስተሩ ማጠፍ ጀመርን። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛን የመሳሰሉ በርካታ ኮርሶች በአንድ ላይ የሚወሰዱበት፣ በመጨረሻም የትምህርት ክፍል ምርጫ የሚወሰንበት ውጤት የሚገኝበት ዓመት ነው። ተማሪው የዩኒቨርሲቲን የአጠናን ልማድ ገና ሳይለምድ፣ ሕይወቱን የሚወስነው ግሬድ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ሴሚስተር ሲታጠፍ የሌክቸር ሰዓት እምብዛም አይቀነስም። ለምን ቢባል ጠባቂ አለው፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ምዕራፎቹ ማለቃቸውን ይጠይቃል፣ ሬጅስትራር የውጤት ማስረከቢያ ቀን ቆርጦ ያሳውቃል፣ መምህሩም ቅዳሜን ጨምሮ ሜካፕ ክላስ እየያዘ ያካክሳል። በመሆኑም በታጠፈ ሴሚስተር የክፍል ሰዓት በሳምንት ውስጥ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የተማሪው ቀን ግን አልረዘመም። የጨመረው የክፍል ሰዓት ቦታ የሚያገኘው የግል ጥናቱን ሰዓት እየገፋ ነው። በወረቀት ላይ የኮርሱ ሰፊ ክፍል የሆነው የንባብና የልምምድ ጊዜ፣ ለማንም ተጠያቂ ያልሆነና ጠባቂ የሌለው በመሆኑ በዝምታ ይለቅቃል። ቱቶሪያልም ከእሱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በበርካታ የትምህርት ክፍሎች ቱቶሪያል በድልድሉ ላይ ስሙ ቢኖርም ሰዓቱ የሚውለው ያላለቀ ምዕራፍ ለመጨረስ ነው።

ተማሪው ለዚህ የሚሰጠው ምላሽ ምክንያታዊ ነው፤ ስንፍና ብለን ልንፈርድበት አይገባም። መጽሐፍ ማንበብ ሲያቅተው ሀንድአውት ያነብባል፣ ሀንድአውቱም ሲረዝምበት በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ስላይድ ይይዛል፣ ስላይዱም ሲበዛበት የቀድሞ ተማሪዎች የተፈተኑትን ጥያቄ ፈልጎ ይሸመድዳል። በዚህ ጉዳይ ላይ ለረጅም ጊዜ በሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲዎች ያጠናው ዴቪድ ኬምበር ያሳየው አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ተማሪዎች ጫና በዝቶብናል የሚሉት በሠሩት የሰዓት ብዛት ብቻ ተመዝኖ አይደለም፤ ይዘቱ ሲከብድ፣ ምዘናው ሲደራረብና የሚማሩት ነገር ትርጉም ሲያጣባቸው በአነስተኛ ሰዓትም ጫናው ይሰማቸዋል፤ ጫና የተሰማው ተማሪ ደግሞ ከመረዳት ይልቅ ወደ ሽምደዳ ያዘነብላል። ሽምደዳው እንደገና ይዘቱን ትርጉም አልባ ስለሚያደርግበት ጫናው መልሶ ይጨምራል።

የምዘናው መደራረብ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። ሞጁላር ሥርዓቱ ካመጣቸው መልካም ሐሳቦች አንዱ ተከታታይ ምዘና ነበር፤ ተማሪው በአንድ ፋይናል ብቻ ከሚመዘን በየጊዜው እየታየ እንዲታረም ታስቦ የገባ ነው። አንድ ተማሪ ስድስት ኮርስ ቢይዝና በእያንዳንዱ ሁለት ኩዊዝ፣ አንድ ሚድ፣ አንድ የግል አሳይመንት፣ አንድ የቡድን ሥራና ፋይናል ቢኖርበት በአጠቃላይ 36 ምዘናዎች ይሆናሉ። በ16 ሳምንት ቢሆን በሳምንት ሁለት ያህል ነው። በ10 ሳምንት፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለምዝገባና ለክፍል ድልድል ሲያልፉ፣ በሳምንት አራት ተኩል ይመጣል። በዚህ ፍጥነት ምዘናው ከመምህሩ የሚመጣ እርማት መሆኑ ያበቃል፤ ከ60 በላይ ተማሪ ያለበትን ሁለትና ሦስት ሴክሽን የሚያስተምር መምህር ወረቀቱን አርሞ አስተያየት ጽፎ ለመመለስ ጊዜ የለውም። የቡድን ሥራውም አንዱ ጎበዝ ተማሪ ሠርቶት የሌሎቹ ስምና መለያ ቁጥር ከላይ የሚጻፍበት ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ዓይነቱ ምዘና ከሚለካው ዕውቀት ይልቅ የሚወስደው ጊዜ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም።

ጫናውን ከሚሸከመው ተማሪ ነጥሎ ማየትም አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ትምህርታቸውን ጨርሰው ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ከእነዚህ ውጭ ያሉ ብዙዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት በሪሚዲያል በኩል ነው፤ ሪሚዲያሉም ራሱ የዓመታትን ክፍተት በጥቂት ወራት እንዲሞላ የተጠየቀ መርሐ ግብር ነው። እነዚህ ተማሪዎች አእምሮ አላነሳቸውም፤ የተማሩበት ትምህርት ቤት መጽሐፍም ላብራቶሪም ያልነበረው ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ለአንድ ምዕራፍ ሦስት ሰዓት የተያዘው ቋንቋውን አቀላጥፎ ለሚያነብ ሰው ሲሆን፣ በየመስመሩ ለሚቆምና መዝገበ ቃላት ለሚያገላብጥ ተማሪ ያው ምዕራፍ እጥፍ ጊዜ ሊወስድበት ይችላል። እንግዲህ ተጨማሪ የግል ጥናት ሰዓት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለዚህ ተማሪ ሆኖ ሳለ፣ ሴሚስተሩን ስናጥፍ አስቀድመን የምንወስድበት እሱኑ ሰዓት ነው። የእኔን ቅሬታ ሁሉ በአንድ ቦታ አስቀምጥ ብባል የማስቀምጠው እዚህ ላይ ነው።

ትምህርትን በአጭር ጊዜ አጠናክሮ መስጠት በራሱ ስሕተት ነው ብሎ መደምደም ግን ተገቢ አይሆንም። በአሜሪካ የሚገኘው ኮሎራዶ ኮሌጅ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎቹ በአንድ ጊዜ አንድ ኮርስ ብቻ ለሦስት ሳምንት ተኩል እንዲወስዱ ያደርጋል፤ በአውስትራሊያ ሜልበርን ያለው ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመሳሳይ የአራት ሳምንት አሠራር ተከትሏል። እኛም በሞጁላሩ ዘመን ብሎክ የሚባለውን ይህንኑ ሞክረናል። ልዩነቱ ያለው ከዙሪያው ባለው ነገር ነው። በኮሎራዶ አንድ ክፍል በተለምዶ ከ25 ተማሪ አይበልጥም፣ ኮርሱም ለዚያ ፍጥነት እንደ አዲስ ተቀርጾ ይዘቱ ተመርጧል። እኛ ዘንድ ለ16 ሳምንት የተጻፈው ምዕራፍ ሁሉ እንዳለ ወደ ብሎኩ ገባ፤ ተማሪው አንድ መጽሐፍ በሚሻማበት ቤተ መጻሕፍት መላው ክፍል በአንድ ሳምንት ያንኑ መጽሐፍ ፈለገ፤ መምህሩ ቢታመም ወይም ለሥራ ቢሄድ የኮርሱ ሲሶ አብሮት ሄደ። በርካታ የትምህርት ክፍሎች ኮርሶችን ጎን ለጎን ወደሚሰጠው ፓራለል መመለሳቸው ያስገርማል ማለት አይቻልም። ዛሬ በታጠፈ ሴሚስተር የምንሠራው ደግሞ የሁለቱንም ጉዳት የያዘ ነው፤ እንደ ብሎክ ይፈጥናል፣ እንደ ፓራለል ደግሞ ስድስት ኮርስ በአንድ ላይ ያስኬዳል።

ሌላም መታየት ያለበት ወገን አለ። ጀርመን የአውሮፓ አገሮች የዲግሪ አሠራራቸውን ለማቀራረብ የተስማሙበትን የቦሎኛን ስምምነት ተከትላ የሦስት ዓመት ዲግሪ ስታስገባ ተማሪዎች ጫናው አልተቻለም ብለው በ2009 እ.ኤ.አ. በሰልፍ ወጡ። በዚያው ሰሞን በሃምቡርጉ ምሁር ሮልፍ ሹልማይስተር የተመራ ጥናት ተማሪዎች ውሎአቸውን በየቀኑ እንዲመዘግቡ አድርጎ ሲለካ፣ በአማካይ ለትምህርት ያዋሉት በሳምንት ከ23 ሰዓት ብዙም የራቀ እንዳልነበረ አገኘ፤ ከታሰበው እጅግ ያነሰ ማለት ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ተማሪዎቹ ዋሹ የሚል አይደለም። ሥራው በብዙ ትንንሽ ኮርሶች ተበታትኖ፣ ወራቱ ባዶ ሆነው የፈተናው ሳምንት ብቻ ሲጨናነቅ፣ ሰው ትንሽ እየሠራ ብዙ እንደተሸከመ ይሰማዋል። በእኛም ግቢዎች ሴሚስተሩ ሲጀመር ላይብረሪው ሰው አጥቶ፣ ፋይናል ሲቃረብ ተማሪው ለመቀመጫ ከሌሊቱ ጀምሮ መሰለፉ የተለመደ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ሁሉ ከአቅማቸው በላይ ይሠራሉ ማለትም ሆነ አይሠሩም ማለት ያለ መለኪያ የሚነገር ነው። መለካት የሚገባው ዩኒቨርሲቲው ነበር።

ከመደበኛው ውጭ በማታና በቅዳሜና እሑድ የሚማሩት ሁኔታ ደግሞ ይብሳል። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ለሦስት ሰዓት ያህል የሚማር፣ ወይም ሙሉ የሳምንቱን ክሬዲት በሁለት ቀን የሚወስድ ሰው የግል ጥናት ሰዓቱ የት እንዳለ ስሌቱ አይጠይቅም፤ ዲግሪው ግን በወረቀት ላይ ከመደበኛው እኩል ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አደባባይ አወጣው። በመጀመሪያው ዙር ከ150 ሺህ በላይ ተፈትነው 50 በመቶውን ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከመንግሥት ተቋማት 62፣ ከግል ተቋማት ደግሞ 17 በመቶ ገደማ። ለውጤቱ መውረድ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመምህራን ዝግጅት፣ የተማሪዎች አቀባበል፣ የግል ተቋማት ቁጥጥር ሁሉ አለበት። የጊዜው ጉዳይ ግን በበቂ አልተነሣም። ፈተናውን ከወሰዱት መደበኛ ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ በኮሮናና በጦርነቱ ዓመታት በታጠፉ ሴሚስተሮች ውስጥ ያለፉ ናቸው። በታጠፈ ሴሚስተር በሽምደዳ የተያዘ ዕውቀት ከፋይናሉ ማግስት መረሳት ይጀምራል፤ በተራራቁ ቀናት እየተደጋገመ የተጠና ነገር በአንድ ሌሊት ከተጠናው ይልቅ እንደሚዘልቅ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ለመውጫ ፈተና የሚፈለገው ደግሞ የዘለቀው ነው። አሁን ዩኒቨርሲቲዎች ለጂሲ (ለተመራቂ) ተማሪዎች ከፈተናው በፊት ቱቶሪያል ያዘጋጃሉ፤ በመጀመሪያና በሁለተኛ ዓመት የተነጠቀውን ሰዓት በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ለመመለስ የሚደረግ ጥረት ነው፤ ያውም ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በሚጽፍበትና የመጨረሻ ኮርሶቹን በሚጨርስበት ሰሞን።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ ካላንደሩ ወደ ቀድሞ ቦታው እስኪመለስ መጠበቅ አይበቃም፤ አገሪቱ ያለችበት ሁኔታ ነገም ሌላ ሴሚስተር ሊያሳጥር ይችላል። ሊለወጥ የሚችለው ሲያጥር የምንወስደው እርምጃ ነው። አንድ ሴኔት ሴሚስተሩን ከ16 ወደ 12 ሳምንት ሲያወርድ በዚያው ስብሰባ ተማሪው የሚይዘው የኮርስ ብዛት ከስድስት ወደ አራት ወይም አምስት እንዲወርድ መወሰን ይችላል፤ ቀሪው ኮርስ በክረምት ይሰጣል። የክረምት ትምህርት ለምግብ፣ ለመምህር ክፍያና ለዶርም ተጨማሪ በጀት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ በመውጫ ፈተና የወደቀውን ተማሪ ደግሞ ማስተማርና ደግሞ መፈተንም በጀት ነው፣ የሚከፍለው ቤተሰብ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ኮርስ መቀነስ ካልተቻለ ምዕራፍ መቀነስ ይቻላል፣ እሱም በግልጽ ተጽፎ እንጂ መምህሩ በመጨረሻው ሳምንት ሦስት ምዕራፍ በስላይድ እያሳለፈ መሆን የለበትም። የምዘናውን ብዛት ለመወሰን፣ የአንድ ባች መምህራን በሴሚስተሩ መጀመሪያ ተቀምጠው የፈተናና የአሳይመንት ቀኖቻቸውን በአንድ ወረቀት ላይ ቢያስቀምጡ ይበቃል፤ ይህ ገንዘብም መመሪያም አይጠይቅም።

መለካቱም እንዲሁ ቀላል ነው። ተማሪዎች በሴሚስተሩ መጨረሻ መምህራቸውን በሚገመግሙበት ቅጽ ላይ ለዚህ ኮርስ ከክፍል ውጭ በሳምንት ስንት ሰዓት አጠናህ፣ አጠናሽ የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመር፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የትኛው ኮርስ በወረቀት ከተሰጠው ሰዓት ምን ያህል እንደራቀ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ያውቃል።

ምዕራፍ ይቀነስ ሲባል የትምህርት ክፍሎች የሚያነሡት ጠንካራ መከራከሪያ የመውጫ ፈተናው ራሱ ነው፤ ፈተናው ለየመስኩ በተለዩ ዋና ዋና ኮርሶች ላይ በመላ አገሪቱ አንድ ሆኖ ስለሚሰጥ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው የቀነሰው ምዕራፍ ተማሪውን ሊጎዳው ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ መልሱም ያለው በትምህርት ሚኒስቴር እጅ ነው። የትኛው ይዘት ሊዘለል የማይችል፣ የትኛው ደግሞ ጊዜ ሲያጥር ሊቀር የሚችል እንደሆነ ለእያንዳንዱ የፈተና ኮርስ አስቀድሞ ለይቶ ማሳወቅ የሚችለው እሱ ነው። ዝርዝሩ ከሴሚስተሩ መጀመሪያ በፊት በመምህሩ እጅ ካለ፣ በ12 ሳምንት ውስጥ የሚያስተምረውን መርጦ ለተማሪው የንባብ ሰዓቱን ሊያስቀርለት ይችላል።